ዋጋው ስንት ነው?

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልክዎን ይዘው ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል እንበል። አንድ ምስል ላይ ዓይንዎ አረፈ፤ በእጅ የተሠራ የሕፃን ሹራብ፣ ወይም በቤት የተዘጋጀ ሽሮ፣ ወይም ለልደት የሚሆን ኬክ። ወደዱት። ዋጋውን ለማየት ወረድ ሲሉ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ጽሑፍ አገኙ። ጠየቁ። መልሱ በማግሥቱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ መጣ፦ «ሰላም ውድ ደንበኛችን፣ የትኛውን ነው የፈለጉት?» በዚያ ሰዓት እርስዎ ሥራ ላይ ነዎት፤ ሹራቡንም ረስተውታል።

በዚህ ወር ከገዢው ወንበር ተነሥተን ሻጩ ወንበር ላይ እንቀመጥ። የዚህ መጽሔት አንባቢ በሆነ ቤት ውስጥ ከደመወዙ ጎን አንድ ትንሽ ሥራ ማየት የተለመደ ሆኗል። ባልትና ነው፣ ዳንቴል ነው፣ የልጆች ልብስ ነው፣ ኬክ ነው። ሱቅ የለውም፤ ሱቁ ስልክ ነው። ከዚያ ገቢ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚሸፈንበት ቤት ስላለ ነገሩ ቀልድ አይደለም። እኔ ደግሞ የእነዚህን ገጾች ደጅ ስዞር አንድ ነገር ብቻ ቢስተካከል ብዙ ነገር ይስተካከላል ብዬ አምናለሁ፦ ዋጋውን ይጻፉት።

ዋጋ የማይጽፉ ሰዎች ምክንያት አላቸው። የመጀመሪያው «ተፎካካሪ ያየዋል» የሚለው ነው። ተፎካካሪዎ ዋጋዎን ማወቅ ከፈለገ በሌላ ስም ገብቶ ይጠይቃል፤ የሚፈጅበት አንድ መልእክት ነው። ስለዚህ ዋጋው የተደበቀው ከእሱ አይደለም፤ ሊገዛ ካሰበው ሰው ነው። ሁለተኛው ምክንያት «ሰው ሲጠይቅ ገጹ ይንቀሳቀሳል፣ ለብዙ ሰው ይታያል» የሚል ነው። እውነትነት አለው፤ አስተያየት የበዛበት ቪዲዮ ወደ ሌሎች ሰዎች ስልክ የመድረስ ዕድሉ ይሰፋል። ነገር ግን ሃያ ሰው «ዋጋ?» ብሎ ጠይቆ አንድም መልስ የሌለበት ገጽ ለአዲስ መጪ ምን እንደሚመስል ያስቡት። በሩ ተከፍቶ ባለቤቱ የጠፋበት ሱቅ ነው የሚመስለው።

ሦስተኛው ምክንያት ክብደት አለው፤ ዋጋ ይለዋወጣል። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር የሚሸጥ ሰው የዛሬውን ዋጋ ለሚቀጥለው ወር ቃል መግባት ይፈራል። የበርበሬና የዘይት ዋጋም ቢሆን አይታመንም። ለዚህ መፍትሔው ዋጋውን መደበቅ ሳይሆን ቀን መስጠት ነው። «ይህ ዋጋ እስከ ዓርብ ጥቅምት 21 ይጸናል» ብሎ መጻፍ ይቻላል። እንዲያውም ለመግዛት የሚያመነታውን ሰው ያፋጥነዋል። ዓርብ ካለፈ በኋላ የድሮውን ጽሑፍ ማረም ግን አይርሱ፤ በድሮ ዋጋ የመጣ ደንበኛ ጋር መከራከር አያምርም።

አራተኛውን ምክንያት ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። የጠያቂውን ፎቶ አይቶ ዋጋ ለመቁረጥ ነው። ጠያቂዋ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የምትኖር ከመሰለች ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል። ይህች ሴት ግን አዲስ አበባ ላሉት እናቷ አምስት ኪሎ ሽሮ ልታደርስላቸው የፈለገች ልጅ ናት፤ እህቷ ደግሞ እዚሁ ቦሌ ትኖራለች። ሁለቱ በስልክ ሲነጋገሩ ልዩነቱ ይታወቃል። ያን ጊዜ የሚጠፋው የአንድ ቀን ሽያጭ ብቻ አይሆንም፤ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽና ለገና ሳይሰለቹ የሚያዙ ሰዎችን ነው የሚያጡት። ለማድረሻ ወይም ለልዩ ማሸጊያ የሚጨመር ካለ ለብቻው ይጻፍ፤ ማንም ቅር አይለውም።

ሕጉም ቢሆን ከገዢው ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያስገድዳል። አዋጁ ሲጻፍ በሐሳብ የነበረው ግድግዳና መደርደሪያ ያለው ሱቅ ቢሆንም፣ ገዢው ዋጋውን ሳይለምን ማወቅ አለበት የሚለው ነገር በስልክም ያው ነው።

ከጊዜ አንጻርም ይቁጠሩት። በቀን ሃያ ሰው ዋጋ ቢጠይቅና ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ አንድ ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ከሽሮው ወይም ከልጁ የቤት ሥራ ላይ የተቆረጠ ነው።

ዋጋው ከተጻፈ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ «ለምን ይህን ያህል?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ነው ማኅበራዊ ሚዲያ ከሱቅ መስኮት የሚበልጠው። የበርበሬን ሥራ እንውሰድ። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎ ተገኘ የሚል ዜና ያልሰማ የከተማ ሰው የለም። ስለዚህ ከማያውቁት ሰው በርበሬ የሚገዛ ቤተሰብ የሚፈራው ዋጋውን ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ ምን እንደሚበሉም ነው የሚፈራው። እርስዎ ደግሞ የሚያሳዩት ነገር ሞልቷል። ዛላው ሲመጣ፣ ሲቀነጠስ፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ሲደለዝ፣ ኮረሪማው ሲፈለፈል፣ ሲታመስ፣ ወፍጮ ቤት ሲገባ። እያንዳንዱ የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ይሆናል። ሙዚቃ አያስፈልገውም፤ የምጣዱ ድምፅ ይበቃዋል። ዛላው የማረቆ ከሆነ የማረቆ ነው ይበሉ፤ ካልሆነ አይበሉ።

ፎቶውን በመስኮት ብርሃን ያንሱት፤ ቀለም የሚያሳምር ነገር አይጨምሩበት። በስልክ የቀላ በርበሬ ደንበኛው ቤት ሲደርስ ይከዳዎታል። አንዱን ከረጢት ሚዛን ላይ አስቀምጠው ቁጥሩ እንዲታይ አድርገው ያንሱ። ድክመቱንም ይናገሩ፦ «ይህኛው ያቃጥላል፣ ለልጆች ወጥ ግማሹን ይጠቀሙ» የሚል ሻጭ በሌላው ነገር ሁሉ ይታመናል። ወቅቱንም ይጠቀሙበት። ፀሐይ በሚበረታበት በበጋው ወራት የበርበሬውን ሥራ ያሳዩ፤ ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሽሮውን፣ ረመዳን ሲቃረብ የሳምቡሳውን ሊጥ። ጾሙ ከገባ በኋላ የሚለጠፍ የሽሮ ማስታወቂያ ሌላ ቦታ ገዝቶ የጨረሰ ሰው ጋር ነው የሚደርሰው።

ዘመድ ስለሚሰጠው ላይክ አንድ ነገር ልበል። ገጹን የከፈቱ ዕለት የአጎት ልጆች፣ የድሮ የክፍል ጓደኞችና የእድር ሰዎች «በርቺ!» «ጎበዝ!» ብለው ያጥለቀልቁታል። ደስ ይላል። ነገር ግን ላይክ ጤፍ አይገዛም። ከእነዚህ ሰዎች ግማሾቹ በይሉኝታ ነው የመጡት፤ ጥቂቶቹም በዱቤ ይወስዳሉ። ሥራዎ መያዙን የሚያውቁት የማያውቁት ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ሲያዝዝ ነው። ስለዚህ በወሩ መጨረሻ የሚቆጠረው የተከታይ ብዛት ሳይሆን ተመልሶ የመጣ ሰው ነው። ደብተር ላይ ይጻፉት።

የቱ መተግበሪያ ይሻላል ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። ቲክቶክ የገበያ ቀን ነው፤ የማያውቅዎት ሰው አልፎ ሲሄድ ያይዎታል። ቴሌግራም ደግሞ የሰፈር ሱቅ ነው፤ የሚያውቅዎት ሰው ተመልሶ የሚመጣበት። በመጀመሪያው ሰው ይጥሩ፣ በሁለተኛው ያቆዩት። አራት ቦታ ተሯሩጦ አራቱንም ከማቀዝቀዝ በሁለቱ መበርታት ይሻላል። በገንዘብ የሚሠራው ማስታወቂያስ? ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ለመክፈል ለውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ ስለሚያስፈልግ ብዙ ሰው በአገናኝ በኩል ያስከፍላል። ለአገናኙ ብር ከመስጠትዎ በፊት ማስታወቂያው የት ከተማ፣ ለምን ያህል ቀን፣ ለስንት ሰው እንደታየ የሚያሳየውን ዘገባ እንደሚልክልዎ ይስማሙ። አዲስ አበባ ብቻ የሚያደርስ ኬክ ጋጋሪ ማስታወቂያው ሌላ አገር ቢዞርለት ምን ይጠቅመዋል?

አሁን ብዙ ሰው የማያስብበት ጉዳይ። ገጹ የማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የከፈተው ወንድም ወይም የእህት ልጅ ነው፤ በራሱ ስልክ ቁጥር፣ በራሱ የይለፍ ቃል። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ደግሞም በነጻ ነው የሠራው። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ውጭ ሄደ፤ ሲሙን ጣለው። ሦስት ሺህ ደንበኛ ያለበት ገጽ አብሮት ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ገጹ በእርስዎ ሲም ይከፈት፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ፤ የይለፍ ቃሉን ቤት ውስጥ ወረቀት ላይ ጽፈው ያስቀምጡ። የቴሌግራም ቻናል ከሆነ ባለቤትነቱን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላልና ልጁ እዚሁ እያለ ያስተላልፍልዎት።

ገጹ በስምዎ ቢሆንም እንኳ ቤቱ የኪራይ ነው። መስከረም 24 ቀን 2014 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በዓለም ዙሪያ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። ያ ቀላሉ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ባለው ጊዜ በአገራችን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ተገድበው መቆየታቸውን ያስታውሳሉ። ሁዳዴና ፋሲካ በዚያ መሐል አለፉ። የገጽ አድራሻ እንጂ የደንበኛ ስልክ ቁጥር ያልያዘ ሻጭ በዚያ ወቅት ደንበኛ እያለው ደንበኛ አልነበረውም። የያዘው ግን ደወለ፣ አጭር መልእክት ላከ፣ ሸጠ። ስለዚህ ያዘዘ ሰው ሁሉ ስሙ፣ ስልኩ፣ ሰፈሩና የወሰደው ነገር በደብተር ይመዝገብ። በዓል ሲቃረብ ብቻ ይደውሉላቸው፤ በየሳምንቱ የሚላክ መልእክት ያሰለቻል። ቁጥራቸውንም ለሌላ ነጋዴ አይስጡ።

ስለ ክፍያ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከቤት መሸጥ በጣም ቀሏል። አብሮት የመጣው ጣጣ የክፍያው ፎቶ ነው። «ልኬያለሁ» ብሎ የሚላክልዎት የደረሰኝ ምስል በስልክ ሊቀናበር ይችላል፤ የድሮ ደረሰኝ ቀኑ ተቀይሮ የተላከላቸው ሻጮች አሉ። የሞተር አድራሹ በር ላይ ቆሞ ሲያጣድፍዎ እንኳ ምስሉን ሳይሆን የራስዎን ሒሳብ ከፍተው ይዩ። ገንዘቡ ካልገባ ዕቃው አይውጣ። «አይዞሽ እህቴ፣ ኔትወርክ ነው» ለሚልዎት ሰው በትሕትና «እሺ፣ ሲገባ እንልካለን» ማለት በቂ ነው። ደንበኛው ደግሞ በበኩሉ እርስዎን ይፈራል፤ ቅድሚያ ከፍሎ ዕቃው ያልመጣለት ሰው ብዙ ነው። ለአዲስ ደንበኛ ግማሹን ቅድሚያ፣ ግማሹን ሲረከብ ማድረግ ሁለቱንም ያረጋጋል። የንግድ ፈቃድ ካለዎት ገጹ ላይ ይግለጹት፤ ከሌለዎት ወደ ወረዳዎ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው ለሥራዎ ዓይነት የሚጠየቀውን ይወቁ። ምግብ ነክ ሥራ ላይ ደግሞ ይህ ነገር ለነገ የሚባል አይደለም።

ቅሬታ ሲመጣስ? ሽሮው ጨው በዝቶበታል ብሎ አንድ ሰው በአደባባይ ቢጽፍ አይሰርዙት። በዚያው ቦታ «ይቅርታ እናት፣ ዛሬ ሌላ እንልክልዎታለን» ብለው ይመልሱና ይላኩ። መቶ ሰው አንብቦት ያልፋል፤ ከመቶው ብዙዎቹ የሚያስታውሱት ጨውን ሳይሆን መልስዎን ነው።

ሥራው ቤት ውስጥ ስለሆነ ቤቱን እንዳይውጠው ሰዓት ይወሰንለት። ገጹ ላይ «ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት እንመልሳለን» ተብሎ ከተጻፈ ሰው ይቀበለዋል፤ እራት ላይ ስልኩ ተገልብጦ ይቀመጥ። ልጆችዎንም ማስታወቂያ ላይ ከማውጣትዎ በፊት ያስቡበት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ የሰፈሩ በር ከኋላው እየታየ የተነሣ ሕፃን የት እንደሚማርና የት እንደሚኖር ለማያውቁት ሰው ሁሉ እየተናገረ ነው። ከፍ ያለው ልጅ ደግሞ ካሜራ ሲያይ ፊቱን ካዞረ መልሱን ሰጥቷል። ሹራቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጠው ያንሱት፤ ርዝመቱም አብሮ ይታያል፣ ዋጋውንም ከሥሩ ለመጻፍ ቦታ አለው።