ከአውቶቡሱ አስቀድሞ የሒሳብ መዝገቡ

የንግድ ሥራ በሱቅ ደጃፍ ላይ የሚጀመር ይመስላል እንጂ በእውነቱ የሚጀመረው በመንገድ ላይ ነው። ገዢው ከቤቱ ወደ ገበያ፣ ሠራተኛው ከመኖሪያው ወደ መጋዘን፣ እህሉም ከገጠር ወደ ከተማ በሰዓቱና በሚቻል ዋጋ ካልደረሰ፣ መደርደሪያው ሞልቶ ሳለ የገንዘብ ሣጥኑ ባዶውን ይውላል። ስለዚህ የሕዝብ ማመላለሻ ነገር ለሹማምንት ብቻ የሚተው ሳይሆን አስመጪውም፣ ላኪውም፣ ባለሱቁም ሊመክሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

በጎንደር ከተማ ከፒያሳና ከአራዳ ወደ ማራኪ፣ ወደ ቅዳሜ ገበያና ወደ አዘዞ የሚመላለሰው ሕዝብ በአብዛኛው የሚገለገለው በባጃጅና በሚኒባስ ታክሲ ነው። በሰሜን በኩልም ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ከዳባትና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከደባርቅ ገብሱንና ድንቹን ይዞ የሚወርደው ደገኛ የግል ባለንብረቶች የሚያሰማሩትን መኪና ጠባቂ ነው። እነዚህ ባለንብረቶች በራሳቸው ገንዘብና በራሳቸው ዕዳ የሚሠሩ ስለሆኑ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባቸውም። ነገር ግን ትርፍ ወዳለበት መሄድ የንግድ ጠባይ ነውና፣ መኪናው ሰው በሚበዛበት ሰዓትና መሥመር ይከማቻል፤ ማለዳ፣ ምሽትና ዳር ያለው ሰፈር ግን ይቀራሉ። ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን የሚያስብ ደንበኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገበያውን ለቆ ይሄዳል፤ ባለሱቁም የምሽቱን ሽያጭ ያጣል።

ይህን ጉድለት የሚሞላ፣ ከተማውንና በዙሪያው ያሉትን ወረዳዎች የሚያገለግል የሕዝብ ማመላለሻ ድርጅት ይቋቋም የሚል አሳብ በየትም ቦታ ሲነሣ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ስንት አውቶቡስ ይገዛል?» የሚል ነው። ጥያቄው ቅን ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ተሳስቷል። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሒሳቡን ማን ይይዛል፣ ኪሳራውን ማን ይከፍላል፣ ሥራ አስኪያጁንስ ማን ይቈጣጠራል የሚለው ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በአዲስ አበባ የአንበሳ አውቶቡስ አገልግሎት በ1935 ዓ.ም. በጥቂት መኪናዎች ተጀምሮ፣ በ1940ዎቹ የአክሲዮን ማኅበር ሆኖ፣ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ወደ መንግሥት እጅ ገብቶ፣ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ የልማት ድርጅት ሆኖ እንደገና ተቋቁሟል። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ ለድኻው ሕዝብ፣ ለተማሪውና ለሠራተኛው ያደረገው አገልግሎት የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ ታሪፉ ለሕዝቡ አቅም ሲባል ከወጪው በታች እንዲሆን ሲወሰን፣ ልዩነቱን የሚሞላው የመንግሥት ድጎማ ሆነ። አንድ ድርጅት ዋጋውን ራሱ የማይወስን፣ ወጪውን ግን ራሱ የሚሸከም ከሆነ፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚታየው ኪሳራ የሥራ አስኪያጁ ስንፍና ይሁን የታሪፉ ማነስ ሊለይ አይችልም። በዚህም ጊዜ ብርቱው ሠራተኛና ሰነፉ በአንድ መዝገብ ውስጥ ተደባልቀው ይታያሉ።

ሁለተኛው ትምህርት የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ይህ ሥራ 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ፈጅቶ፣ ከገንዘቡም 85 በመቶው ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ በብድር ተገኝቶ፣ በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። ባቡሮቹ 41 ነበሩ፤ የመሳፈሪያውም ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ሆኖ ተቈረጠ። ሕዝቡም በደስታ ተቀበለው። ነገር ግን ከቲኬት የሚሰበሰበው ብር የዕለቱን ወጪ እንኳ የማይሸፍን ሲሆን፣ ብድሩና መለዋወጫው የሚከፈሉት በውጭ ምንዛሪ ነው። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ከባቡሮቹ ከግማሽ የሚበዙት በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ሐዲዱ አለ፣ ጣቢያው አለ፣ ተሳፋሪውም ተሰልፎ ይጠብቃል፤ የጎደለው ግን በመጀመሪያው ቀን ሊታሰብ ይገባው የነበረው የጥገና ገንዘብ ነው።

ነጋዴ ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ለምሳሌ ያህል አንድ አውቶቡስ በ10 ሚሊዮን ብር ተገዝቶ 10 ዓመት ያገለግላል ቢባል፣ ድርጅቱ በየዓመቱ 1 ሚሊዮን ብር፣ ማለት በቀን ከ2,700 ብር በላይ፣ ለምትኩ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ይህን ሳያስቀምጥ ናፍጣና ደመወዝ ከፍሎ የተረፈውን ትርፍ ነው የሚል ሥራ አስኪያጅ፣ የሱቁን ዕቃ ሸጦ በልቶ አተረፍሁ እንደሚል ነጋዴ ነው። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ በተወሰነ ጊዜ፣ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ መሆኑን አስመጪዎች ያስታውሳሉ። በብር የተቀመጠው የምትክ ገንዘብ ሙሉ አውቶቡስ ይገዛ የነበረው በአንድ ጊዜ ግማሽ ያህሉን ብቻ የሚገዛ ሆነ። ጎማው፣ ፍሬኑና የሞተሩ ክፍሎች ከውጭ የሚመጡ ስለሆነ፣ ይህን ያላሰበ የታሪፍ ጥናት ከወረቀቱ ዋጋ አይበልጥም።

ስለ ድጎማም ግልጽ ቃል ያስፈልጋል። በታላላቅ ከተሞች ዘንድ የሕዝብ ማመላለሻ ከቲኬት ብቻ ወጪውን የሚሸፍንበት ቦታ ጥቂት ነውና፣ ድጎማ በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ስሙና ልኩ ያልታወቀ ድጎማ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማ ለሁሉ መሆኑ ቀርቶ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ተለይቶ እንዲሰጥ፣ እየቀነሰም እንዲሄድ ሲወሰን፣ ሒሳባቸውን በድጎማው ላይ የመሠረቱ ሁሉ አሳባቸውን እንደገና ማሰላሰል ግድ ሆኖባቸዋል። ስለዚህ መንግሥት ተማሪውና አቅመ ደካማው በርካሽ እንዲሳፈር ቢፈልግ፣ የልዩነቱን ዋጋ በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ አስቦ፣ በየሦስት ወሩ አስቀድሞ ይክፈል። ይህ ካልሆነ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በደረሰው የጸጥታ ችግር መንገዶች በተዘጉ ጊዜ እንደታየው፣ መኪና በቆመበት ቀንም ደመወዝና የባንክ ወለድ አይቆሙምና፣ ለእንዲህ ያለው ቀን የሚሆን መጠባበቂያ ሊኖር ይገባል።

አስተዳደሩን በሚመለከት አገራችን የራሷ መልካም ምሳሌ አላት። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ ካበደረው 5 ሚሊዮን ዶላር ጋር ተያይዞ ራሱን የቻለ አስተዳደርና የራሱ ሒሳብ እንዲኖረው ተደርጎ ነበር። አበዳሪው ገንዘቡ በሌላ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ውስጥ ገብቶ እንዳይጠፋ ይፈልግ ነበርና። ከውጭም ቢሆን የለንደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1933 አውቶቡሱን፣ ትራሙንና የምድር ውስጥ ባቡሩን በአንድ ቦርድ ሥር ሲያደርግ፣ ቦርዱ ከፖለቲካ ሹመት በተቻለ መጠን የራቀ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በሆንግ ኮንግ ደግሞ የባቡሩ ኩባንያ በጣቢያዎቹ ዙሪያ ካለው መሬትና ከሱቆች ኪራይ ብዙ ገቢ ያገኛል። ጎንደር ሆንግ ኮንግ አይደለችም፤ ነገር ግን መነኻሪያ ባለበት ገዢ አለና፣ በመነኻሪያው ዙሪያ የሚሠሩ ሱቆች ኪራይ ለማመላለሻው ጥገና ቢውል፣ ነጋዴውም ሕዝቡም ይጠቀማሉ።

«የሕዝብ አውቶቡስ ከመጣ ባለ ባጃጁና ባለ ሚኒባሱ ይራባል» የሚሉ አሉ። ይህ ስጋት በቸልታ የሚታለፍ አይደለም፤ ብዙዎቹ ልጅ የሚያሳድጉበት ሥራ ነውና። መልሱ ግን ሥራውን መከፋፈል ነው። አውቶቡሱ ረጅሙንና ብዙ ሰው የሚጫንበትን መሥመር፣ እንደ አዘዞ ያለውን፣ በተወሰነ ሰዓት ይያዝ፤ ባጃጁ ደግሞ ከአውቶቡሱ ማቆሚያ ወደ ሰፈር ያድርስ። ከደጋው ወረዳዎች ለሚመጣውም የገበያው ቀን ታስቦ ይመደብለት። የግል ባለንብረት በአነስተኛ ዋጋ ሊሠራው የሚችል መሥመር ቢኖር በጨረታ ይሰጠው እንጂ፣ ሁሉን በአንድ እጅ ልያዝ ማለት አይበጅም።

እንግዲህ የንግድ ምክር ቤቱ አባሎች እንዲህ ያለ ድርጅት እንዲቋቋም ድጋፍ ሲጠየቁ፣ እሺ ከማለታቸው በፊት አራት ነገሮችን ይጠይቁ። አንደኛ፣ ነጋዴውና ተሳፋሪው የሚወከሉበት ቦርድ ይኑር፤ ሥራ አስኪያጁም በችሎታው ይቀጠር። ሁለተኛ፣ የምትክና የመለዋወጫ ገንዘብ ለደመወዝ እንዳይነካ ተለይቶ በባንክ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ድጎማው በልኩ ተጽፎ አስቀድሞ ይከፈል። አራተኛ፣ በውጭ ኦዲተር የተመረመረው ሒሳብ በየዓመቱ ታትሞ ለሕዝብ ይገለጥ፤ ከዚሁ ጋር ስንት አውቶቡስ እንደሠራና ስንቱ እንደቆመ ይነገር።

ይህን መጠየቅ ልማትን መቃወም አይደለም። ለአንድ ኩንታል ስኳር ደረሰኝ የሚጠይቅ ነጋዴ፣ ከግብሩ በሚገዛ አውቶቡስ ላይ ዝም ቢል ነው የሚያስነቅፈው። በሪባን የተመረቀ አውቶቡስ በአምስተኛው ዓመት በጋራዥ ሣር ሲበቅልበት ማየት ለሁሉም ኪሳራ ነውና፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መዝገቡ አስቀድሞ ይከፈት፤ አውቶቡሱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።