ስለ ዛፍ ሥርና ስለ ስውር ባልንጀራው

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚጓዝ ሰው በቀኝም በግራም የበቆሎና የበርበሬ እርሻ ሲያይ፥ እዚህም እዚያም በጉብታ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ዱር ይታየዋል። ይኸውም የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ነው። ዋንዛው፥ ወይራውና ብሳናው ማዳበሪያ ሳይጨመርለት ሲያረጅና ሲተካ ይኖራል። ዳሩ ግን የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር በብዙ ስፍራ አሲድ የበዛበት ነው፤ በእንዲህ ያለ አፈር ፎስፎር የሚባለው የተክል ምግብ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋራ ተጣብቆ በቀላሉ አይገኝም። እንግዲህ ዛፎቹ ምግባቸውን ከወዴት ያገኛሉ?

የዛፍ ሥር ብቻውን አይሠራም። ከእንጉዳይ ወገን የሆነ፥ ከጠጉር እጅግ የቀጠነ ድር መሳይ ፍጥረት ከሥሩ ጋራ ተጣምሮ ይኖራል። ድሩ ሥሩ ከማይደርስበት ስፍራ ፎስፎሩንና ሌላውንም ማዕድን እየለቀመ ለዛፉ ያቀብላል። ዛፉም በፋንታው ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ከሚሠራው ስኳር ይከፍለዋል፤ ክፍያውም እስከ 20 ከመቶ ሊደርስ እንደሚችል ሊቃውንት ይገምታሉ። መሬት ያለው ገበሬ በሬ ካለው ጋራ በእኩል እንደሚያርስ ያለ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌ ከምድር በታችም ይሠራል።

ይህን ማኅበር ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ አልበርት ፍራንክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ከግሪክ ቋንቋ ወስዶ «ማይኮራይዛ» አለው፤ ትርጓሜውም የእንጉዳይ ሥር ማለት ነው። ዋና ዋናው ዓይነት ሁለት ነው። አንደኛው ሥሩን ከውጭ እንደ ልብስ ይሸፍነዋል። ፈረንጆች ኦክ የሚሉት ዛፍ በአውሮፓም ሆነ በሞቃት አገር ተራሮች የሚኖረው ከዚህኛው ጋራ ነው፤ ከዛፉ ግርጌም ብዙ ጊዜ የጅብ ጥላ ሆኖ ብቅ ይላል። ሁለተኛው ወደ ሥሩ ውስጥ ዘልቆ እንደ ታናሽ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ የጅብ ጥላም ስለማያበቅል ዓይን አያየውም።

ኦክ የአገራችን ዛፍ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የታተመ ጥናት፥ በደጋ ደኖቻችን የሚገኙት ጥድ፥ ዝግባ፥ ወይራ፥ ኮሶና ዋንዛ የሁለተኛው ዓይነት ባልንጀሮች መሆናቸውን ገልጧል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ግን ሁለቱንም ዓይነት ይይዛል።

ይህን መጻፋችን ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን የሚበልጥ ችግኝ በኢትዮጵያ እንደ ተተከለ ተነግሯል። ነገር ግን መትከል አንድ፥ መጽደቅ ሌላ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ድር ሕያው ሥር ከሌለ ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ ዱሩ ተመንጥሮ መሬቱ ለብዙ ጊዜ ራቁቱን ከቀረ፥ ከዛፉ ጋራ ባልንጀራውም ይመነምናል። በኋላ የሚተከለው ችግኝ በባዕድ አገር እንደ ወደቀ ድኻ አደግ ይሆናል።

ስለዚህ በግቢውም ሆነ በእርሻው ዳር የአገር ዛፍ ለመትከል ያሰበ ሁሉ ይህን ያድርግ። አንደኛ፥ ችግኙን ሲያፈላ ከዚያው ወገን ከሆነ አሮጌ ዛፍ ግርጌ ቀጫጭን ሥር ያለበትን አፈር ጥቂት እፍኝ ወስዶ ከመደቡ አፈር ጋራ ይቀላቅል። ከዐጸድ የሚወስድ ቢሆን አስቀድሞ የደብሩን አለቃ ያስፈቅድ፤ የቆፈረውንም በቅጠል መልሶ ይሸፍን። ሁለተኛ፥ የፎስፎር ማዳበሪያ አያብዛ፤ የጠገበ ዛፍ ለባልንጀራው መክፈል ይቀንሳልና። ሦስተኛ፥ የሚተክልበትን መሬት ሣሩንና ቁጥቋጦውን ፈጽሞ አይመንጥር፤ ችግኙ ሥር እስኪሰድ ድሩን በሕይወት የሚያቆየው እርሱ ነውና።

ከሁሉ ይልቅ የዐጸዱ ዳር በየዓመቱ በእርሻና በባሕር ዛፍ እየተገፋ እንዳይጠብ፥ ከብትም እንዳይገባበት ቅጥሩን ማጽናት ይገባል። ለሚመጣው ትውልድ የአገር ዛፍ ዘሩም፥ የዘሩም ባልንጀራ አብረው ተጠብቀው የሚገኙት በዚያ ነውና።