የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ብርሃንን ለሚለቅሙ

ታኅሣሥ 19 ቀን ማለዳ፣ ነጠላውን ያጣፋው ምእመን ከብስራተ ገብርኤል ቅጽር አልፎ አስፋልቱን ሲሞላ፣ በሕዝቡ መካከል ካሜራ ከአንገታቸው ያንጠለጠሉ ወጣቶችን ማየት የተለመደ ሆኗል፤ ይህም እትም እንጀራ ሳይሆን ፍቅር ወደ ጥበቡ ለሳባቸው ለእነዚህ የተሰናዳ ነው።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቤድሮስ ቦያጅያን የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ፎቶግራፍ ሲያነሣ ጥበቡ የጥቂቶች ነበረ። ዛሬ ጀማሪ ሁሉ ሩቁን የሚያቀርበውን ረጅም ሌንስ ይመኛል፤ እኔ ግን አስቀድሞ ባለ 50 ሚሊሜትሩን ይግዛ እላለሁ፤ ቀዳዳው እስከ ኤፍ 1.8 ሲከፈት፣ በኤፍ 5.6 ከሚገባው ብርሃን ከዘጠኝ እጥፍ የሚበልጠውን ስለሚቀበል፣ በጧፍ ብርሃን ብቻ የምትታይ የአንዲት እናት ፊት፣ የግንባሯ ንቅሳት ሳይቀር፣ ያለ ፍላሽ ይወጣል፤ በጸሎት መካከል ፍላሽ ማብራት ነውር ነውና።

ጥሩ አድርጎ ማንሣት ብቻ ግን አይበቃም፤ መብትን ማወቅም ያሻል። ከዓመታት በፊት ያነሣሁትን ፎቶግራፍ በአንድ የንግድ ቤት ቀን መቁጠሪያ ላይ፣ ያለ ስሜና ያለ ፈቃዴ ታትሞ ባገኘሁ ጊዜ ያዘንሁት ኀዘን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ፎቶግራፍን ለ25 ዓመት ይጠብቃል፤ ነገር ግን ሥራው የስብስብ አካል ካልሆነ፣ በመጽሐፍ ካልታተመ፣ የባለቤቱንም ፊርማ ወይም አድራሻ ካልያዘ ጥበቃውን አያገኝም።

ስለዚህ ወጣት ወዳጆቼ፣ ሥራችሁን ለሆቴልም ሆነ ለቡና ላኪ ከመስጠታችሁ በፊት ፊርማችሁን አኑሩበት፤ ለምን ተግባር፣ ለስንት ዘመንና በስንት ብር እንደሚውልም በጽሑፍ ተዋዋሉ።