ሻጋታውን ከመርገማችሁ በፊት በረኪናውን አስቀምጡ



«ዓሣዬ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ወጣበት፤ መድኃኒቱ ምንድነው?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አይጥመውም፦ መጀመሪያ የራስህን እጅ ተመልከት።

ያ ጥጥ ሳፕሮሌግኒያ የሚባል የውሃ ሻጋታ ነው። ዘሩ በየወንዙም በየሐይቁም አለ፤ አይጠፋም። ጤነኛ ቆሮሶ ግን በሚያዳልጥ ልጋግ ስለተሸፈነ በቀላሉ አይያዝም። የሚያዘው መረብ የላጠው፣ መጨናነቅ ያደከመው፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ያደነዘዘው ነው። በሩን የምንከፍትለት እኛው ነን።

ውሃውን በፓምፕ እያዞራችሁ ደግማችሁ የምትጠቀሙ በተለይ ስሙኝ። የማጣሪያው በርሜል ጠጠር ላይ የሚይዘው ልጋግ ቆሻሻ አይደለም፤ ሠራተኛችሁ ነው። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ብዙ ወደማይጎዳ ናይትሬት ይለውጡታል። ሻጋታዎችም አብረው ትርፍራፊውን ያበሰብሳሉ። እናንተ «ላጽዳ» ብላችሁ በበረኪና ስትፈትጉት ሠራተኞቹን ሁሉ በአንድ ቀን ትፈጃላችሁ። አሞኒያው ይጠራቀማል፣ የዓሣውን መተንፈሻ ያቃጥላል፣ ዓሣው ይደክማል፤ ያኔ ጥጡ ይመጣል። ከዚያ «ሻጋታ ጨረሰብኝ» ይባላል!

እኛ ባለሙያዎችም ከደሙ ንጹህ አይደለንም። ኩሬ ሲቆፈር ፎቶ እንነሳለን፤ ማጣሪያ እንዴት እንደሚታጠብ ግን አናሳይም።

«ማላካይት ግሪን ጨምርበት» የሚላችሁንም አትስሙ። ለሚበላ ዓሣ በአውሮፓና በአሜሪካ የተከለከለው ሥጋው ውስጥ ስለሚቀርና ለሰው ጤና ስለሚያሰጋ ነው። ያን ዓሣ የሚበሉት ልጆቻችሁ ናቸው።

ይልቅ እንዲህ አድርጉ፦

• ማጣሪያውን ከኩሬው በተቀዳ ውሃ ብቻ ለቅለቅ አድርጉት።
• የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ሊኖረው ስለሚችል ከመጨመራችሁ በፊት ክፍት በርሜል ውስጥ አሳድሩት።
• በጥቂት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ መኖ ስጡ፤ በብርድ ወቅት ቀንሱ።
• የታመመውን ለዩ፤ የሞተውን ዕለቱን አውጥታችሁ ቅበሩ።
• የምትቀይሩትን ውሃ ለሽንኩርቱና ለማንጎው ልቀቁት፤ ናይትሬቱ ማዳበሪያ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ጥጡ ከታየ ፎቶ ላኩልኝ፤ ግን ዓሣውን ብቻ ሳይሆን ማጣሪያውንም አንሱልኝ።