የመኪናን ብልሽት የማንበብ መብት የማን ነው?

በሮም የሚሽከረከር አንድ የቤንዚን መኪና ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋን የሞተር መብራት ሲያበራ መካኒኩ አስቀድሞ የሚያነሣው መፍቻ ሳይሆን የኮድ ማንበቢያ ነው። መሣሪያውን ከመሪው በታች ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ላይ ይሰካል፤ «ፒ0420» የሚል ጽሑፍም ይወጣል። ትርጉሙ በሮምም በአዲስ አበባም አንድ ነው፤ ጭስ የሚያጣራው ካታሊስት ሥራውን በሚጠበቀው ልክ እያከናወነ አይደለም።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ኮዱ የምስክር ቃል እንጂ ፍርድ አይደለም። ከካታሊስቱ በፊትና በኋላ አንዳንድ የኦክስጅን ሴንሰር አለ፤ የፊተኛው ንባቡ ቶሎ ቶሎ ይዋዥቃል፣ የኋለኛው ረጋ ማለት ይኖርበታል። የኋለኛውም እንደ ፊተኛው መዋዠቅ ሲጀምር ኮምፒውተሩ ኮዱን ይመዘግባል። ሆኖም ያረጀ ሴንሰር ወይም ጭስ የሚያሾልክ ቱቦ ይህንኑ ንባብ ሊያመጣ ይችላል። በአንዱ ሲሊንደር ሳይቃጠል ያለፈ ቤንዚንም ካታሊስቱን ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ያኔ አዲስ ካታሊስት ቢገጠም እርሱም ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ ጠንቃቃ መካኒክ ካንዴላውንና ኮይሉን አስቀድሞ ይመረምራል (ካንዴላ የሚለውን ቃል የሮሙም የአዲስ አበባውም መካኒክ ይጋሩታል)። ፕላቲነምና ፓላዲየም የያዘው ውድ ካታሊስት የሚቀየረው በመጨረሻ ነው።

ኮዱን ደምስሶ መኪናውን መመለስ ደግሞ ጥገና ሊባል አይገባውም። ኮዱ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ራሱን የፈተነበት ውጤትም አብሮ ይጠፋል፤ ፈተናው በድጋሚ ሲጠናቀቅ መብራቷ ትመለሳለች። በኢጣልያ መኪና በ4ኛ ዓመቱ፣ ከዚያም በየ2 ዓመቱ ለምርመራ ስለሚቀርብና ጭሱ ስለሚለካ ማታለሉ ብዙ አያስኬድም።

ማንኛውም መካኒክ ይህን ኮድ ማንበብ የቻለው ሕግ ስላስገደደ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ አዳዲስ የቤንዚን መኪኖች የጭስ ብልሽታቸውን በጋራ ሥርዓት እንዲመዘግቡ አድርጓል። ይሁንና የተከፈተው በር መልሶ ሊዘጋ ይችላል። የፊያት አምራች የሆነው ኤፍሲኤ ኢታሊ በመኪኖቹ ላይ የጥበቃ ቁልፍ አኖረ፤ ኮድ ለመደምሰስ ወይም የተገጠመን ክፍል ከመኪናው ጋር ለማስተዋወቅ ገለልተኛው ጋራዥ መመዝገብ፣ ክፍያ መፈጸምና ከአምራቹ ሰርቨር ጋር መገናኘት ግድ ሆነበት። ጉዳዩ ከጀርመን ፍርድ ቤት ወደ አውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት ተመርቶ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 2023 ውሳኔ አገኘ፤ አምራቹ ሕጉ ያላስቀመጠውን ቅድመ ሁኔታ መጫን አይችልም ተባለ። ኩባንያው መኪናን ከኮምፒውተር ጠላፊዎች መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ተከራክሮ ነበር። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ግን ቁልፉ ጥገናውን ራሱ ከሚሸጠው ወገን እጅ መግባቱ ተገቢ አልነበረም።

ኢትዮጵያም ይህን ውሳኔ በጥሞና ብታየው ይበጃታል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል፤ ቦታቸውን የሚይዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። እነዚህ ጭስ የላቸውም፤ የጋራውን ኮድ የወለደው ደግሞ የጭስ ሕግ ነበር። የባትሪያቸው ብልሽት በአብዛኛው በየአምራቹ የራሱ ኮድ ይጻፋል። የመመርመሪያ መረጃና መሣሪያ በተመጣጣኝ ዋጋ ለማንኛውም ጋራዥ እንዲቀርብ የአስመጪነት ፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ካልሆነ፣ በካንዴላና በካርቡራተር ሞያውን የተካነው የመርካቶ መካኒክ የቆመን መኪና ከፍቶ ከማየት በቀር የሚያደርገው አይኖርም። ይህን ለመደንገግ ጊዜው መኪኖቹ ገና አዲስ ሳሉ፣ ዋስትናቸውም ሳያልቅ ነው።