የሽቦውን ረብሻ ወይስ ተፎካካሪውን?

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የመዳብ የስልክ ሽቦ ወሬ አይቋጥርም። ፋይበሩ ኢንተርኔቱን መንገድ ዳር እስከቆመው ሣጥን ያደርሳል፤ ከዚያ እስከ ቤት ያለውን አሮጌው መዳብ ይረከባል። ታዲያ አብረው የታሰሩ ሽቦዎች አንዱ የሌላውን ምልክት ይረብሻል፤ ፍጥነቱም ይወርዳል።

መድኃኒት አልጠፋም። በ2010 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት «ቬክተሪንግ» ሽቦዎቹ እርስ በርስ የሚያደርሱትን ረብሻ ይለካና በተቃራኒ ምልክት ያጣፋዋል። በጀርመን 50 ሜጋቢት የነበረው መስመር 100 ደርሶበታል። ጣጣው ወዲህ ነው፤ ዘዴው በደንብ እንዲሠራ አብረው የታሰሩት ሽቦዎች ሁሉ በአንድ እጅ መግባት አለባቸው።

ዶይቸ ቴሌኮም ይህችን ይዞ ብቅ አለ። ተፎካካሪዎቹ ሞኖፖል በጓሮ በር ተመለሰ ብለው ጮኹ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግን በ2013 ፈቀደ፤ በ2016 ደግሞ በስልክ ጣቢያዎቹ ዙሪያ ያለውንም በአብዛኛው ጨመረለት። ተፎካካሪዎቹ በሽቦው ፋንታ ከዚያው ከቴሌኮሙ በጅምላ የሚገዙት አገልግሎት ተሰጣቸው። ከባለጋራህ ገዝተህ ባለጋራህን ተፎካከር ማለት ነው!

እኔ በበኩሌ ረብሻው ይወገድ ባይ ነኝ። ነገር ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን። ፋይበሩ ቤት ድረስ ቢዘለቅ እኮ ይህ የመዳብ ረብሻ ከነአካቴው አይኖርም። ስለዚህ ጎበዝ፣ «ለቴክኒክ ሲባል ነው» የሚል ሲመጣ አስቀድመን እንጠይቅ፤ የሣጥኑ ቁልፍ በማን ኪስ ሊገባ ነው?