ለጥቂት ሰዎች ቤት የሚሆን የልብስ ማጠቢያ መኪና ስለ መምረጥ

ልብስን ንጹሕ አድርጎ መያዝ ለሰው ክብርና ለገላው ጤና አስፈላጊ መሆኑን ለተከበሩት አንባቢዎቻችን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻንም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያለ የሚተርት ሕዝብ የነጭ ልብስን ዋጋ ከሌላ አይማርም። ነገር ግን ልብሱ ነጥቶ ሲታይ የሚያመሰግነው ብዙ ሲሆን፥ ያነጣው እጅ ምን ያህል እንደ ደከመ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ በቤታቸው ሦስት ወይም አራት ሰው ብቻ የሚኖር ቤተ ሰቦች የልብስ ማጠቢያ መኪና ለመግዛት ሲያስቡ በምን መንገድ ሊመርጡ እንደሚገባቸው፥ የኮሶዬን አገር ምሳሌ አድርገን ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በወገራ ደጋ ላይ የምትገኝ የብርድ አገር ናት። በክረምት ጉሙ ሳይገለጥ ስለሚውል የታጠበ ጋቢ ቶሎ አይደርቅም፤ በኅዳርና በታኅሣሥም ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። በእንዲህ ያለ አገር በማለዳ ልብስ ማጠብ እጅን የሚያደነዝዝ ሥራ ነው። አንዳንድ ሰዎች «የቤት ሠራተኛ እያለች መኪና ምን ያደርጋል?» ይሉ ይሆናል። እኛ ግን የሠራተኛዪቱም እጅ እንደ እመቤቲቱ እጅ በብርድ የሚሰነጠቅ መሆኑን እናስታውሳቸዋለን። መኪናው እንግዲህ የቅንጦት ዕቃ ነው ተብሎ የሚነቀፍ አይደለም።

ሆኖም ዳኛ ምስክር ሳይሰማ እንደማይፈርድ፥ ገዢም የነጋዴውን ቃል ብቻ ሰምቶ ሊቈርጥ አይገባውም። ሊሰሙ የሚገባቸው ምስክሮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ውኃው፥ ኤሌክትሪኩና ልብሱ ናቸው።

አስቀድመን ግን የመኪናዎቹን ዓይነት እንግለጽ። የመጀመሪያው ባለ ሁለት ገንዳው ነው፤ በአንዱ ገንዳ ያጥባል፥ በሁለተኛው እያሽከረከረ ይጨምቃል፤ ልብሱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዛውረው ግን የሰው እጅ ነው። ሁለተኛው ከላይ የሚከፈትና ሥራውን ሁሉ በራሱ የሚፈጽም ነው። ሦስተኛው በፊቱ ባለው ክብ መስኮት የሚከፈት ሲሆን፥ እርሱም ሥራውን በራሱ ይፈጽማል፤ አብዛኛውም ውኃውን ራሱ ያሞቃል።

የመጀመሪያው ምስክር ውኃ ነው። ከፊት የሚከፈተው ለአንድ እጥበት ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሊትር ሲበቃው፥ ከላይ የሚከፈተው ግን ብዙ ጊዜ 100 ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠጣል። ትንሹ ባለ ሁለት ገንዳ በአንድ ሙሌት 40 ሊትር ያህል ይይዛል፤ አንድ ጊዜ ለማጠቢያ፥ ሁለት ጊዜ ለማለቅለቂያ ቢሞላ 120 ሊትር ይሆናል። ነገር ግን ይህ መኪና ውኃውን ሳያዙት ስለማያፈስ፥ በአንዱ የሳሙና ውኃ አስቀድሞ ነጩን፥ ቀጥሎ ቀለም ያለውን አጥቦ፥ ማለቅለቁንም እንዲሁ በተራ ቢያደርጉት ያው 120 ሊትር ለሁለት እጥበት ይበቃል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ደግሞ ለወለል መወልወያ ይሆናል።

ነገሩን በጀሪካን ብንቈጥረው ይበልጥ ይገለጣል። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ 120 ሊትር ማለት 6 ጀሪካን ማለት ነው። በጎንደር ከተማ እንኳ የአንገረብ ግድብ በደለል የተጎዳ ሲሆን፥ የቧንቧ ውኃ በተራ የሚደርሳቸው ሰፈሮች እንዳሉ የታወቀ ነው፤ ከከተማ ውጭ ባለው ደጋ ቧንቧ ያልገባለት ቤት ውኃውን የሚያገኘው በሴት ልጅ ጀርባ ነው። መኪና ያጥባል እንጂ ውኃ አይቀዳም። እጅን አሳርፎ ጀርባን የሚያጎብጥ ዕቃ ደግሞ ቤትን ረዳ አይባልም።

በራሳቸው የሚሠሩት ሁለቱ መኪናዎች የውኃ ግፊትም ይፈልጋሉ። ሮቶው በመሬት ላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ ውኃው አይገፋም፤ በ5 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሰቀል ግን ግማሽ ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። መኪናው የሚፈልገው ትንሹ ግፊት ምን ያህል እንደ ሆነ አብሮት ከሚመጣው የመመሪያ መጽሐፍ አስቀድሞ ማንበብ ይገባል። ባለ ሁለት ገንዳው ግን በባልዲ ቢሞሉትም ሥራውን አይተውም።

ሁለተኛው ምስክር ኤሌክትሪክ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና በሴኮንድ 50 ዙር ነው። በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ በፍቅር የላከው መኪና ለ120 ቮልትና ለ60 ዙር የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፥ በጀርባው የተለጠፈው ጽሕፈት ሳይነበብ ቢሰካ ይቃጠላል። ውኃ የሚያሞቀው መኪና 2000 ዋት ያህል ይስባል፤ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድም 3500 ዋት ገደማ ስለሚፈልግ፥ በአንድ ሰዓት እንጀራ መጋገርና በሙቅ ውኃ ማጠብ አይስማማም። የባለ ሁለት ገንዳው ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ500 ዋት አይበልጥም። መብራት በእጥበት መካከል የጠፋ እንደ ሆነ፥ ከፊት የሚከፈተው በሩን ቈልፎ ልብሱን ከነውኃው ይዞ ይቀራል፤ የባለ ሁለት ገንዳው ክዳን ግን ይነሣና ሥራው በእጅ ይፈጸማል።

ሦስተኛው ምስክር ልብሱ ነው። ነጠላ ሁለት ድርብ፥ ጋቢም አራት ድርብ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ጋቢ ውኃ ሲጠጣ እጅግ ይከብዳል። በመኪናው ላይ የተጻፈው ኪሎ የደረቅ ልብስ ሚዛን ስለ ሆነ፥ ጋቢውን ደረቁን በቤት መዝኖ መሄድ መልካም ነው። ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ከ6 እስከ 7 ኪሎ የሚይዝ ይበቃል። የነጠላ ዘርፍ እንዳይተበተብ በትራስ ልብስ ውስጥ ከትቶ ማጠብ፥ አዲስ ጥበብ ያለበትንም ቀሚስ ቀለሙ ወደ ሌላው እንዳይሄድ ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። ጋቢ ወደ መጭመቂያው ሲገባ ዙሪያውን እኩል ተደርጎ ይደልደል፤ ባንድ ወገን ከከበደ መኪናው ይንቀጠቀጣል።

ስለ ሳሙናም ጥቂት እንበል። እናቶቻችን በእንዶድ ሲያጥቡ አረፋውን አይተው ይደሰቱ ነበር፤ ከፊት የሚከፈተው መኪና ግን አረፋ ሲበዛበት በደንብ አያጥብም፥ ስለዚህ ለመኪና የተሠራውን አረፋው ጥቂት የሆነ ዱቄት ይሻል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዓድዋ፥ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፥ እንዶድ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አስታወቁ። ከዚህም የምንማረው የእጥበት ውኃ በወንዝ ውስጥ ያለውን ሕይወት የሚነካ መሆኑን ነው፤ ስለዚህ የመኪናው እዳሪ ውኃ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ እንዳይወርድ ከዚያ ርቆ በተቈፈረ ጕድጓድ ይፍሰስ።

እንግዲህ ምስክሮቹ ከተሰሙ ዘንድ ፍርዱ እንዲህ ነው። ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሮቶና የማይዋዥቅ ኤሌክትሪክ ያለው ቤት ከፊት የሚከፈተውን ቢገዛ በውኃ ያተርፋል። ውኃው በጀሪካን የሚመጣበትና መብራቱ የሚጠፋበት ትንሽ ቤት ግን ባለ ሁለት ገንዳውን ይግዛ፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው፥ ብልሽቱንም የጎንደር ጠጋኝ ሊያስተካክለው የሚችል ዓይነት ነው። ከላይ የሚከፈተውና ብዙ ውኃ የሚጠጣው ለኮሶዬ አይስማማም። የትኛውም ቢገዛ የምድር ሽቦ ያለው ሶኬት ይዘጋጅለት፤ መጭመቂያው ፈጽሞ ሳይቆም እጅ አይግባበት፤ በውርጭ ወራትም በቱቦው የቀረው ውኃ ሌሊት በረዶ ሆኖ እንዳይሰነጥቀው ማታ ይንጠፍ።

ለብርድ አገር ትልቁ ረድኤት መጭመቂያው መሆኑንም አንርሳ። በእጅ ተጠምዝዞ የተሰጣ ጋቢ ብዙ ቀን ሲቈይ፥ በመኪና የተጨመቀው ጥቂት ፀሐይ ይበቃዋል።

በመጨረሻም ለቤቱ ጌታ አንድ ምክር አለን። ገንዘቡን ቈጥሮ ከመክፈሉ በፊት፥ መኪናው ለአንድ ቀን እጥበት የሚፈልገውን ውኃ እርሱ ራሱ ከምንጩ ቀድቶ ያምጣ። ይህን ያደረገ ሰው የሚገዛውን መኪና ሳይሳሳት ይመርጣል፤ ምናልባትም ከመኪናው በፊት ሮቶ መግዛት እንደሚያስፈልገው ይረዳል።